ቀይ ጎመን ያለበት ደብተር

ሰኞ

እትዬ በለጡ ዛሬም አልሣሉም። ደብተሩ እሳቸው ዘንድ ከገባ አምስት ቀኑ። እንደ ሚካኤል ጽዋ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ተረኛው ልቡ ያለውን ይሥልበታል፣ ሁለት መስመር ይጽፍበታል፣ ለጎረቤት ያስረክባል። ስድስት ቤት ነን። እትዬ በለጡ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ከአጥር ወጥተው አያውቁም፤ ደብተሩንም የጀመርነው በሳቸው ሰበብ ነው። (እኔም እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።)

ቀለም አቅራቢ እኔ፣ የቀበሌው መፈክር ጻፊ። ያለኝ ቀይ ብቻ ነው። ስለዚህ ላማችን ቀይ፣ ጎመናችን ቀይ፤ የጎረቤታችን የግርማ ፍየል ሳትጠየቅ አብዮተኛ ሆናለች።

ማክሰኞ

ሣሉ። ሹራብ፤ ልጃቸው ለብሶት የሄደውን። «አረንጓዴ ነበር እኮ፣ አንተ» ብለው ጎመን ጨምቀው ቀቡት። ከሥሩ በመሠረተ ትምህርት ፊደላቸው «ይበርደዋል» ብለው ጻፉ። ደብተሩን አስረከቡኝ። ተረኛ ነኝ።

ረቡዕ

የውይይት ክበባችንን ቃለ ጉባኤ ለቀበሌ አስገባሁ። ቤት ስገባ ቃለ ጉባኤው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ያስገባሁት የሥዕል ደብተራችንን ኖሯል።

የቀበሌ ሱቅ ደብተር ሁሉ መንታ ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጋዜጣ ለብጫቸዋለሁ። ጭንቀቶቼ፦ አንደኛ፣ ባለፈው ተራዬ የቀበሌውን ሊቀ መንበር በአፋቸው ምትክ ድምፅ ማጉያ አድርጌ ሥያቸዋለሁ። የሚያሳዝነው መመሳሰሉ ነው። ሁለተኛ፣ ስድስታችን ያልተፈቀደ ስብሰባ እንባላለን። ሦስተኛ፣ የእትዬ በለጡ ሹራብ እዚያው ይቀራል።

ሦስተኛው ምሳ አላስበላኝም።

ሐሙስ

በጀግንነት እስከ ቀበሌው በር ሄጄ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ለእትዬ በለጡ ተናዘዝኩ። ነጠላቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?»

«ሹራቡን ላመጣ።»

ከአጥር ሲወጡ ግርማ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆመ። እኔ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ተከተልኩ፤ ለጥበቃ።

«ነገ ይመለሱ» ተብለው መጡ። አልከፋቸውም። ነጠላቸውን አጥበው አሰጡ።

ዓርብ

ይዘውት መጡ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሐምራዊ ክብ ማኅተምና «ታይቷል»። የሊቀ መንበሩ ሥዕል ላይ ማኅተሙ ልክ ድምፅ ማጉያው ላይ አርፏል። ሹራቡ ገጽ ላይ ግን ጥግ ይዞ ነው የተመታው፤ ክሩን እንኳ አልነካም።

«ይህን ማን ሣለው?» ብለዋቸዋል ሊቀ መንበሩ፣ የራሳቸውን ሥዕል ገልጠው።

«እኔ። እጄ ገና እየተማረ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ሥዕሉን ብዙ አዩት አሉ። ከዚያ «ጆሮዬ ይህን ያህል ነው?» ብቻ።

ይቅርታ ይሁን ቀጠሮ፣ አላውቅም። በር ሲንኳኳ እስካሁን እደነግጣለሁ። እትዬ በለጡ ግን ተራዬን ዘለው ደብተሩን በገዛ እጃቸው መንገድ ተሻግረው ለግርማ አስረከቡ፤ እኔ ለጊዜው ለአደራ አልታመንም።

ሲመለሱ ከበሩ ወደ ግርማ ዘወር ብለው፦ «ፍየልህን ከጓሮዬ ያዝልኝ። ጎመኑ ቀለም ነው።»