ለድመቷ የመጣ ወተት

ውድ ኦብሴ፣

ከሰላምታው በፊት ክስ አለኝ። ልጅሽ አንድ እግር ካልሲዬን ወስዳብኛለች። ያንን በመጀመሪያ ደመወዝሽ የገዛሽልኝን፣ ቀይ መስመር ያለበትን። ገበያ ያለው የሕፃን ኮፍያ ሁሉ ሲሞከርላት እስከ አገጯ ድረስ ይውጣታል። ስለዚህ ካልሲውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጥኩት፣ አንዱን ጫፍ በክር ቋጠርኩና አናቷ ላይ ደፋሁላት። ልክክ አለ። አሁን እኔ አጎትሽ አንድ እግሬን ዘንጬ፣ አንዱን እግሬን በባዶው ሆኜ ነው የምውለው። ሰፈሩ «አብተው ለየለት» እያለ ነው።

ብትሰሚ ትስቂ ነበር። ያንን ሳቅሽን፣ መጀመሪያ አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ ኋላ የሚያመልጥሽን። አቦምሳ ከአባትሽ ከገርባ ጎን ካስተኛንሽ ወዲህ የምከሰው ሰው አጥቻለሁ፤ የምቀልደውም እንደዚያው። ለዚህ ነው መጻፌ።

ልጅሽን ወደ ቤት አምጥቻታለሁ። ይህን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት፤ ካልሲው ምክንያት ነው።

ያን ቀን እግርሽ አብጦ ጫማ እምቢ ሲልሽ የእኔን ነጠላ ጫማ አድርገሽ ሆስፒታል ገባሽ። «ጋሼ፣ ዛሬ ጫማህን ወርሻለሁ» አልሽኝ። ደም ግፊትሽ ከፍ ብሎ እንደነበር፣ ልጅቷም ያለ ጊዜዋ በቀዶ ጥገና እንደወጣች፣ አንቺም እንዳልነቃሽ፣ ይህን አልተርክልሽም፤ ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል። እሷን ሙቀት ክፍል አስገቧት። በመስታወት አየኋት፤ ቆዳዋ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ጣቶቿ የክብሪት እንጨት። «ትተርፋለች?» ብዬ ጠየቅኩ። «ተስፋ አንሰጥም፣ ጋሼ፤ እየጣርን ነው» አሉኝ።

ባልሽ ምንተስኖት እስከ ቻለ ድረስ ከጎኗ አልጠፋም። ከዚያ መተሐራ የስኳር አገዳ ሥራው ጠራው፤ ካልተመለሰ ሊያባርሩት ነው። ዛሬም በእረፍት ቀኑ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ሸሚዙን ያወልቅና ደረቱ ላይ ያስተኛታል። ሲሄድ የጠረጴዛውን ጥግ ይይዝና ትንሽ ቆሞ ነው የሚወጣው።

የቀረውን ቀን ደረት የሆንኩት እኔ ነኝ። ሲስተር ሻሼ የምትባል ነርስ አለች፣ ቀልድ የማታውቅ የምትመስል። ወደ ቤት ሊያስወጡን ሲሉ ጠራችኝ።

«ጋሼ አብተው፣ ከእንግዲህ መድኃኒቷ ገላ ነው። ልብስዎን ያወልቁና ደረትዎ ላይ ያስተኟታል። ከላይ ጋቢ ይደርባሉ። ቀንም ማታም።»

«የኔ ደረት እኮ ፀጉር ብቻ ነው፣ ሲስተር።»

«ፀጉሩም ያሞቃል።»

እንግዲህ አስቢው። ዕድሜ ልኬን ቬንትሌተር ስጠግን የኖርኩ ሰው! አዳማ በሙሉ «አብተው፣ አቀዝቅዝልን» እያለ ደጄን ሲጠና የኖረው ሰውዬ በስተርጅና ማሞቂያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ቬንትሌተር ሁሉ ነቅያለሁ። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፌዋለሁ። ከተማው በሙቀት ሲቀቀል እኛ በጋቢ ተጠቅልለን እንቀመጣለን፤ ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ እሷ ደረቴ ላይ ተለጥፋ ታንኮራፋለች። አዎ፣ ታንኮራፋለች። ይህን ከኔ ነው የወሰደችው።

ከሆስፒታል ያመጣን ጂብሪል ነው፣ ባጃጁን ለመስቀለኛ መንገድ እንኳ የማያቀዘቅዘው። ነፋስ እንዳይገባ ሁለቱንም ጎን በብርድ ልብስ ሸፈነው። ከዚያ እንደ ሬሳ አጃቢ ቀስ እያለ ነዳ። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ ይነፋል፤ ጋሪ እንኳ ቀደመን። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ምን ጭነህ ነው? እንቁላል ነው?» አለው። ጂብሪልም «ከእንቁላል ታንሳለች!» ብሎ ጮኸበት። እኔ ሳቅኩ። ስስቅ ደረቴ ተንቀጠቀጠና እሷ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ኦብሴ፣ ያንቺ ዓይን ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ አልሳቅኩም።

ደንበኞቼስ ይተውኛል? መሐመድዘይን የተቃጠለ ቬንትሌተሩን ተሸክሞ መጣ፤ ጋቢው ከፊቴ አብጦ ሲያይ ዕቃውን መሬት አስቀመጠ።

«አብተው፣ በዚህ ዕድሜህ እርጉዝ?»

«ባሌ ክዶኝ እኮ ነው» አልኩት።

ጋቢውን ትንሽ ገለጥ አደረግኩለት። ኮፍያዋን አየ፣ ካልሲ መሆኑንም ለየ፤ እግሬንም አየ። ሊስቅ አፉን ከፍቶ፣ «ማሻ አላህ» አለና በጣቱ ጫፍ ሊነካት እጁን ዘርግቶ መለሰው፤ «እጄ ዘይት ነው» አለ። ቬንትሌተሩን ትቶት ሄደ። ብርዱ ሲመጣ እወስደዋለሁ ይላል፤ አዳማ ምን ብርድ አላት!

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። እስካሁን የዞርኩት ለዚህ ነው።

እናትሽ ልጅሽ በሕይወት መኖሯን አታውቅም።

ያረፍሽ ቀን አቦምሳ ያሉት ሽማግሌ ጋሽ ደገፋ ደወሉልኝ። «ሕፃኗስ?» አሉ። «ተስፋ አልሰጡንም» አልኳቸው። እንደምታውቂው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሲነጋጋ ሽማግሌ ተሰብስቦ በር ይንኳኳል። እነሱም ተመካከሩ። አንድ ጊዜ የወደቀችውን ሴትዮ ነገ ደግሞ ሁለተኛ መርዶ ይዘን ሄደን ልንገድላት አይደለም፣ አንዴ ታልቅስ፣ አሉ። እናም «ልጅሽም የልጅ ልጅሽም አብረው ሄዱ» ብለው ነገሯት። እኔ ይህን ያወቅኩት አንቺን ይዘን ስንደርስ ነው። ከመኪናው ሳልወርድ የእናትሽን፣ የእትዬ በላይነሽን ድምፅ ሰማሁ፤

«ልጄ ልጇን አቅፋ፣ እኔን እዚህ ረስታ፣
ባዶ ክንዴን ትታ፣ ሄደች ቤቷን ዘግታ።»

አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ደገፋ ክንዴን ያዙኝ። «ዝም በል። ያቺ ሕፃን ነገ ብትሄድ ማን ነው የሚነግራት? አንተ?» አሉኝ። ምንተስኖትም ሰማ፤ አፈር አፈሩን ያያል። ዝም አልን። በሆዴ፣ ትንሽ ትጠንክር፣ ያኔ እነግራታለሁ አልኩ። ልጅሽ ግን ትንሽ ጠነከረች፤ እኔ ደግሞ ትንሽ ፈራሁ። ደግማ ትንሽ ጠነከረች፤ ደግሜ ፈራሁ። ሲስተር ሻሼ እስካሁን «ገና ናት፣ ጉንፋን እንዳይነካት» ትለኛለች። እናትሽን ሕይወት ካሳየኋት በኋላ መልሼ ብነጥቃትስ?

እናትሽ በየቀኑ ትደውላለች። ወሬ የላትም። «በላህ?» ትለኛለች፤ «በላሁ» እላታለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን እንተነፍሳለን። አንድ ቀን እንዲህ ስንተነፍስ ልጅሽ ጮኸች። ጩኸቷን አልሰማሽውም፤ ቀጭን ነው፣ ሚው የሚል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናትሽ።

«ድመት» አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

«አንተ ድመት ትጠላ የለም እንዴ?»

«ደጄ ላይ ወድቃ አገኘኋት። እናቷ የለችም።»

«ትጠጣለች?» አለችኝ።

«በጠብታ።»

«እንዳታንቃት። ቀና አድርገህ ያዛት፤ አትቸኩል።» ከዚያም ድምጿ ትንሽ ተለወጠ። «ደግ አደረግህ፣ አብተው። ብቻህን ከምትሆን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስትደውል «በላህ?» አትለኝም። «ድመትህ እንዴት አደረች?» ነው የምትለው። ዛሬ ትንሽ ጨመረች እላታለሁ፤ ዛሬ አልጠጣ ብላ አስጨነቀችኝ እላታለሁ። እሷም ትመክረኛለች፤ ሙቅ ቦታ አስተኛት ትለኛለች። አንድ ቀን እንዲያውም ሳቅ አለች፤ ከሞትሽ ወዲህ መጀመሪያዋ ነው። እኔ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ልጅሽ ደረቴ ላይ እየረጠበች።

ስም አላወጣንላትም። ሆስፒታል «የኦብሴ ልጅ» ብለው የለጠፉባት ነው እስካሁን ስሟ። ስም ማውጣት የእናትሽ ነው። ክርስትናዋም እየደረሰ ነው። ታዲያ ምን ልበላት? ለሞት መርዶ ሥርዓት አለን፣ ማን እንደሚቀድም፣ ማን ውኃ እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚደግፍ እናውቃለን። ሰው አለ ብሎ ለማርዳት ግን ማን ነው የሚቀድመው? ማን ነው የሚደግፈው? ጋሽ ደገፋን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ደርሶብን አያውቅም» አሉኝ።

ትንሽ እያለሽ፣ ለዕረፍት እዚህ ስትመጪ፣ ቬንትሌተር ስፈታ «በሩን ዝጊ፣ ውስጡ የታሰረው ነፋስ ያመልጣል» እልሽ ነበር። አንቺም ሮጠሽ በሩን በጀርባሽ ደግፈሽ ትቆሚያለሽ። ፊትሽ ቀልቶ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ። አንድም ቀን ቀልድ ነው አላልኩሽም፤ ደስ ይለኝ ነበር። እወድሻለሁም ብዬሽ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ማሾፍ ብቻ ነው። አሁን እኔ ነኝ በሩን በጀርባዬ ደግፌ የቆምኩት፣ ትንፋሽ እንዳያመልጥ።

በር እየተንኳኳ ነው። መሐመድዘይን ይሆናል፤ ሙቀቱ አሸንፎት።

«አብተው! አብተው፣ አለህ?»

ኦብሴ፣ እናትሽ ናት።

«ክፈት እንጂ፣ ፀሐዩ ፈጀኝ! አንተ ጋ የቀረውን የኦብሴን ልብስ ልወስድ ነው የመጣሁት። ለዚያች ድመትህም ወተት በሃይላንድ ይዤላታለሁ፣ ሳይበላሽ ቶሎ በልልኝ።»

ይህንን የምጽፈው ላንቺ ሳልነግር መክፈት ስለከበደኝ ነው። ልጅሽ ነቃች። ደረቴ ስር ልቤ ሲደልቅ ሳትሰማው አልቀረችም፤ አፏን ከፈተች። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ጮኻ አታውቅም፤ ቤቱን ሞላችው።

ማንኳኳቱ ቆመ።

ደጁ ላይ የሆነ ነገር መሬት ወደቀ፤ ሃይላንዱ መሰለኝ። ከዚያ እናትሽ ከበሩ ወዲያ፣ አፏን ሳንቃው ላይ ያደረገች ያህል ቀስ ብላ፣

«አብተው… ድመት እንዲህ አታለቅስም» አለች።

ልከፍትላት ነው፣ ኦብሴ። ሸሚዝ አልለበስኩም፣ አንድ እግሬ ባዶ ነው፣ የሚቀድመኝም ሽማግሌ የለም።

አጎትሽ አብተው
አዳማ