የካፒቴኑ ፊት

ውድ ከሊድ፣

«ውድ» ብዬ እንደጻፍኩልህ ብታይ ሆድህን ይዘህ ትስቅብኝ ነበር። በቁምህ አንድም ቀን ብዬህ አላውቅም። አንተ ከሄድክ ወዲህ ስድቤን የሚመልስልኝ ሰው ስላጣሁ ጨዋ ሆኛለሁ።

የፒንቦል መጫወቻ ማሽናችን ጥገናዋ አልቋል። ከኢምባካሲ ካርጎ ሥራ ስወጣ እየነካካሁ ሽቦዋን ጨረስኩ፤ መብራቷም ይበራል። ፓርክላንድስ ያለው ክለብ ሲዘጋ በፒክ አፕ ጭነን ያመጣናት ጊዜ ኳሷ የምትሮጥበት ሰሌዳ እንዴት እንደነበረ ታስታውሳለህ። የብረት ኳስ ስንት ዘመን ተንከባሎበት ባሕሩም መርከቡም ተልጦ ጣውላ ሆኖ ነበር። ማታቱ ታክሲዎች ላይ ፊደል ሲጽፍ በኖረ እጅህ ሞገዱን ሁሉ መለስከው። የመርከቡን ካፒቴን እስከ አንገቱ ሳልክና ብሩሹን ለእኔ ሰጠኸኝ።

«ፊት ያንተ ነው» አልከኝ። «ፊት ከሳልኩ በመጨረሻው ቀን አላህ ነፍስ ዝራበት ሲለኝ ምን እመልሳለሁ?»

በዚህ አቋምህ ስንት የማታቱ ሥራ እንዳመለጠህ አውቃለሁ። የዘፋኝና የኳስ ተጫዋች ፊት ካልሳልክ ብለው ሌላ ሰው ሲቀጥሩ ንቅንቅ አላልክም። እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ልጅ ነኝና ሰው ስስል አባቴ ለቅዱሳን የሚስላቸው ትልልቅ ዓይኖች ናቸው የሚወጡልኝ። «አንተ የሳልከው ሁሉ ሊባርከኝ የተነሳ ነው የሚመስለው» እያልክ ታበሽቀኝ ነበር። ከዚያ ኩላሊትህ ፋታ ነሳህ፤ ካፒቴኑም ያለ ፊት ቀረ።

ከቀብርህ በኋላ ልጅህ ራጃ ከኢስሊ መጣች። ባዶውን ጣውላ በጣቷ እየዳሰሰች፣ «አንክል፣ የባባ ፒቻ፣ አንድ ፎቶ እንኳ የለንም» አለችኝ። «ስልክ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። አይዲው ላይ ያለው ደግሞ ጠፍቷል። እዚህ ጋ ሳልልኝ፣ ፕሊስ። እየረሳሁት ነው።»

እምቢ የምልበት አንጀት ከየት ላምጣ? ሳልኩህ። ጠያቂ ቢመጣ ወደ እኔ ጠቁም፣ ባልቻ ነው በል። የቅንድብህ ጠባሳና የጥርስህ ፍንጭት ልክ መጡ፤ ዓይንህ ግን እንደ አባቴ ቅዱሳን ፈጦ ወጣ። እንደዚያም ሆኖ አንተ ነበርክ። ብሩሹን አስቀምጬ አለቀስኩ። ቀብርህ ላይ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ቫርኒሽ ከፈሰሰበት በኋላ መመለሻ ስለሌለው፣ አስቀድማ ትየው ብዬ ሚስትህን ዘሀራን ጠራኋት። ከራጃ ጋር መጣች።

«ባልቻ ወንድሜ፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የፈራውን አንተ በገዛ ፊቱ አደረግክበት?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አጥፋው።»

«ማማ፣ ኖ! ባባ እኮ አይደለም የሳለው፣ አንክል ነው!» ራጃ ሰሌዳው ላይ ተደፋች። እናቷ ክንዷን ይዛ አነሳቻት።

ጨርቁን ቲነር ነክሬ እጄን ስዘረጋ ዘሀራ «ቆይ» አለች። ጎንበስ አለች። «ትንሽ ቆይ።» አየችህ፣ አየችህ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለችህ አልሰማሁም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ጠረግኩህ። አንገቱ ላይ ያለውን ያንተን ቀለም እንዳልነካ እየተጠነቀቅኩ ከአገጭህ ጀመርኩ። ራጃ አጠገቤ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። ካፒቴኑን ያለ ፊት ቫርኒሽ አለበስኩት።

ባለፈው እሑድ ራጃ ደወለችልኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አስቆመችኝ።

«አንክል፣ አልተናደድኩብህም። ግን ድሮ ዓይኔን ስጨፍን ትንሽም ቢሆን ባባ ይመጣልኝ ነበር። አሁን የሚመጣው አንተ የሳልከው ነው።»

 

አላህ ይዘንልህ፣ ወንድሜ።

ባልቻ
ናይሮቢ