ወደ ልጅህ ሰርግ ያልመጣን ጎረቤቶችህ

ውድ ሳርዎኖ፣

«ምን አድርጌያችሁ ነው በልጄ ሰርግ ያዋረዳችሁኝ?» ብለህ በሚስትህ በኩል ልከህብኛል። ውድ ያልኩህ ከልጅነትህ ጀምሮ ስለለመደብኝ እንጂ ዛሬ ከልቤ አይደለም። ጥያቄህ ራሱ አናዶኛል፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልመልስልህ።

የጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ ከሩዝ ማሳችን ጎን ተተክሎ አንተን የማኅበረሰብ ግንኙነት ኃላፊ ሲያደርጉህ፣ ከእናትህ ቀጥሎ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። የራሳችን ልጅ ነው፣ አይጨክንብንም አልን። ለኢድ ዘይት፣ ለአረፋ በሬ፣ ለወጣቶቹ ማሊያ አመጣህ። አንዲት ጠርሙስ ዘይት ስትሰጠኝ እንኳ ፎቶ አንሺ አስከትለህ ነበር። «ፈገግ ይበሉ እንጂ እትዬ ዋርሲናህ፣ ሰው ሞቶብዎት ነው እንዴ!» ትለኝ ነበር፤ እኔም ሞኟ እስቅልህ ነበር።

ከዚያ የዱዓ ግብዣ ጠራኸን። እንደ ወጋችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ጸለይን፣ ለቤተሰብ የሚወሰደውን ምግብ በካርቶን ተቀበልን፣ በሩ ላይ ደግሞ «መገኘታችሁን ለማወቅ ብቻ ነው» ባልከን ወረቀት ላይ ፈረምን። ያንኑ ወረቀት፣ የፋብሪካው ቆሻሻ ውሃ በቦያችን እንዲያልፍ መንደሩ ተስማምቷል ብለህ ለመንግሥት ቢሮ አስገባኸው።

ስድስት ወር ሳይሞላ የጉድጓዴ ውሃ ቀለም ቀለም መሽተት ጀመረ። ለገበያ የማወጣው የአኩሪ አተር ምግብ፣ ቴምፔዬም ተበላሸ። አኩሪ አተሩን ቀቅዬ በሙዝ ቅጠል ስጠቀልለው ነጭ ሆኖ መያያዙ ቀርቶ ጠቁሮና ተዝለግልጎ ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ልጆች ያሳደግኩበት እንጀራዬ ነው። ቢሮህ ድረስ መጣሁ።

«እትዬ፣ ፊርማዎ እኮ አለ» አልከኝ።

«እሱማ ለምግቡ ነው የፈረምኩት!»

«እንግዲህ በልተዋላ!» ብለህ ሳቅክ፤ ጸሐፊዎችህም ሳቁ። ያን ቀን ነው የቆረጥኩብህ።

ሁለት ዓመት ጠበቅኩህ። ልጅህን ላራስን ልትድር ስትነሳ፣ መንደሩ ምን ያህል እንደሚወድህ አለቆችህ እንዲያዩልህ ፈልገህ ሰርጉን ከከተማ ቤትህ ወደዚህ፣ ወደ መንደር ግቢህ አመጣኸው። ማንጎ ይዘህ ደጄ መጣህ። «እትዬ፣ ማዕድ ቤቱን የሚመሩልኝ እርስዎ ነዎት። ያለ እርስዎ ምን ሰርግ አለ!» አልከኝ። «እሺ» አልኩህ። ሌሎቹን ሴቶችም ዞረህ ጠየቅክ፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው «እሺ» አሉህ። አይ ሳርዎኖ! እኛ የጃቫ ሰዎች ሰውን ፊት ለፊት እምቢ እንደማንል፣ እሺ ብለን እንደምንቀር ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንተ ግን ቢሮ ስትውል ረስተኸው አምነኸን ሄድክ።

ሴቶቹን እንዳይመጡ አንድ በአንድ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ፤ በሌላ ሰው እንዳታሳብብ። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ማብሰል በሚጀምርበት ቀን፣ ሽንኩርት የሚልጥ ኮኮናት የሚፍቅ አንድ ሰው ግቢህ አልገባም። ሚስትህ በየቤቱ ስትዞር «መጣን፣ መጣን» አልናት። በመጨረሻ ከከተማ ምግብ በመኪና አስጫንክ። በሰርጉ ቀን ንጹሕ ልብሳችንን ለብሰን በየበረንዳችን ተቀመጥን። አለቃህ መኪናውን አቁሞ «እናንተ ሰርጉ ላይ የላችሁም እንዴ?» ሲለኝ፣ «ሰርግ የሚሄደው ጎረቤት ነው ጌታዬ፤ ውሃችንን ካበላሸብን ወዲህ ከሳርዎኖ ጋር ጎረቤት አይደለንም» አልኩት። ድንኳኑ ውስጥ ባዶ ወንበሮቹን እያየ ሲያናግርህ ፊትህ ሲጠቁር ከበረንዳዬ ሆኜ አይቻለሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም።

ላራስ ግን አሳዘነችኝ። ጭኔ ላይ ያደገች ልጅ ናት፤ እንደ ተኳኳለች ስታለቅስ ሳይ ገብቼ ላቅፋት ምንም አልቀረኝም ነበር። እሷን ይቅርታ እጠይቃታለሁ። አንተን አልጠይቅህም።

አሁን ደግሞ ለየቤቱ ሩዝ ልታከፋፍል ነው አሉ። ሩዝህን ያዝና የፋብሪካውን ቆሻሻ ወደ ቦያችን የሚያፈሰውን ቱቦ ድፈን። እናትህ ታማለች፤ አይበለውና ብትሞት የምናጥባትም ቃሬዛዋን የምንሸከመውም እኛ ነን። እሷ የእኛ ናት፤ ስለ እሷ አታስብ። ያንተ ተራ ሲደርስ ግን ያ ቱቦ ካልተደፈነ፣ ትከሻውን የሚያውስህ ሰው በዚህ መንደር የለም። መቃብሩ ኮረብታ ላይ መሆኑን አትርሳ፤ ማን ተሸክሞ እንደሚያወጣህ ከአሁኑ አለቆችህን ጠይቃቸው።

ዋርሲናህ፣
ከቦዩ ዳር