የሃያ አምስት ሰዓት መንገድ

ለምወድህና ዓይንህ ለናፈቀኝ ወንድም ጋሼ ኦጉቱ፦

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ሥራውስ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን። ሐይቁም አለ፤ ዓሳው ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ባለፈው እሑድ አባባ ድንገት፣ "ይሄ ሜልበርን የሚባለው ምን ያህል ይርቃል?" አሉ። ባለቤቴ አኬዮ በስልኳ ፈልጋ፣ በቀጥታ ቢለካ ከአሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው አለቻቸው። "እሱን ተይውና በሰዓት ንገሪኝ" አሏት። ከኪሱሙ ናይሮቢ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ከናይሮቢ ዶሃ አምስት፣ ከዶሃ እናንተ ዘንድ አሥራ አራት፤ በየመሐሉ ተቀምጦ መጠበቁ ሲደመር ሃያ አምስት ሰዓት። አባባ በጣታቸው ቆጥረው ሲያበቁ፣ "ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ምን ይሠራል?" አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

መቼም ታውቀዋለህ፤ ታላቅ ሳይወጣ ታናሽ ከአባቱ ግቢ ወጥቶ ቤት አይሠራም። እኔም ሚስትና ሦስት ልጆች ይዤ እስከ ዛሬ በዚያች በጎረምሳነት ጎጆዬ አለሁ። አንዳችን ስንገላበጥ ሁላችንም መገላበጥ ነው። አኬዮ፣ "ለመሆኑ ያገባሁት አንተን ነው ወይስ የወንድምህን መምጫ?" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

አጎታችን ራቡሩ አንድ ዘዴ አመጡ። ታላቁ "እለፈኝ" ብሎ ከፈቀደ ይበቃል አሉ። አባባም እሺ ብለው፣ ሐሙስ ጠዋት ቦታዬን ሊያሳዩኝ መጥረቢያቸውን እንደያዙ ወደ ማሳው ወሰዱኝ። ከእኔ በፊት ያንተ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። የደከማቸው መስሎኝ ብደግፋቸው እጄን አስለቀቁና፣ "ልጄን ተራምጄ የት እሄዳለሁ?" አሉ። ከዚያ ተመለስን። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ወንድም ጋሼ። የቤትህን የመጀመሪያ ምሰሶ መትከል ያለባቸው እሳቸው ናቸው፤ ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም።

አጎታችን አሁንም፣ "ጻፍለት፤ ፈቃዱን ሽማግሌ በሚያየው ወረቀት ይላክ" ብለው አዘውኛል። ይኸው ጻፍኩ፤ ትእዛዝ አላፈረስኩም። አደራህን ግን እሺ እንዳትል። እለፈኝ ካልክ እኔ ቤት ይኖረኛል፣ አባባ ግን መንገድ ማየታቸውን ይተዋሉ። አንተም የምትመለስበት ምክንያት ይቀንስብሃል ብዬ እፈራለሁ። እኔ በጎጆዬ ልሸብት፤ አንተ ብቻ ና።

እማማ፣ የደረቀ ዓሳ አስቀምጬለታለሁ፣ አይጥ ሳይጨርሰው ይድረስ ትላለች። አኬዮ በጣም ሰላም ብላሃለች። ልጆቹ፣ ያላየነው አጎታችን እንዴት ነህ ይሉሃል። አጎት ራቡሩም ጤና ይስጥልኝ ብለዋል። አባባን ምን ልበልልዎት ብላቸው፣ "በወረቀት ሰላም የምለው ልጅ የለኝም፤ ሲመጣ አቅፌ እለዋለሁ" አሉ።

ናፋቂ ታናሽህ ኦሞሎ
አሴምቦ፣ ኦገስት 17 ቀን 2019