ማስረጃ የሌለው አንበሳ

ሰኞ

ባነሩ ዛሬም አላለቀም። ቦንጋ ለሚገባ እንግዳ «ስለ ካፋ ይህን ያውቁ ኖሯል?» ብሎ በቱሪዝም መሥሪያ ቤታችን በር ላይ የሚሰቀለው። ሦስት ነገር ጽፌያለሁ። ጉሬዛ አውራ ጣት የላትም። እዚህ ከሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በኦሞ ወደ ቱርካና፣ ከፊሉ በባሮ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በደናችን አንበሳ ይኖራል።

ኃላፊው ሦስተኛው ላይ ቆመ። ልጅ ነው፤ ከእኔ በብዙ ያንሳል። «ጋሼ፣ አንበሳ ጭጋግ ውስጥ ምን ይሠራል? ኤቪደንስ አለዎት?» ሲያገሳ የሰሙ ሰዎች አውቃለሁ አልኩት። «የሰማ አይበቃም» አለ። እስኪደክመኝ ተከራከርኩ። ዝናቡም አላቆመም።

ማክሰኞ

ጋሽ ወዳጆ ደኑ ዳር ካለው መንደራቸው ከማንኪራ ደወሉ። ጊደሬን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው፤ ስትወልድ ልንካፈል ነበር።

«ጊደርህን አንበሳ በላት» አሉኝ።

ከአፌ የወጣው «ማስረጃ አለ?» ሆነ።

«አንበሳ አለ ብለህ የምትጽፈው አንተ አይደለህም እንዴ? ለፈረንጅ ሲሆን አለ፣ ለእኔ ሲሆን ጠፋ?» ስልኩን ዘጉት።

ባለቤቴ «ሸጠዋታል፤ አንበሳው ሰበብ ነው» አለች። ወተቱን ለልጆቹ አስባ ነበር። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ ተመድቤ ስመጣ፣ ማንንም ሳላውቅ፣ መጀመሪያ ቤታቸው አስገብተው ያበሉኝ ጋሽ ወዳጆ ናቸው። እሳቸው ከዋሹኝ ማንን ላምን ነው?

ረቡዕ

ምንም አልሠራሁም። ወገቤን ያመኛል።

ሐሙስ

ፈቃድ ጠይቄ ማንኪራ ሄድኩ። ሞተር እስከሚገባበት በሞተር፣ ከዚያ በጭቃው በእግር። ጋሽ ወዳጆ ሰላምታዬን በግማሽ ተቀበሉኝ። ቡናው ከደኑ የሚገናኝበት ቦታ ወሰዱኝ። ቀንድ። ቁራጭ ቆዳ። ራሴ የገዛሁት ሰማያዊ ገመድ። ዱካውን ዝናብ አጥቦታል። ያረደ ሰውም ቀንድና ቆዳ ይተዋል ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩም። ፊቴ ሳይናገር አልቀረም።

«ካላመንከኝ ያቺን የእኔን ጥጃ ንዳት» አሉ።

ብነዳት ሌባ ነዎት ማለቴ ነው። ባልነዳት ለባለቤቴ ምን እላታለሁ?

«ጥጃዋ ትቆይ» አልኩ። ፎቶ አነሳሁ፤ ገመዱን ይዤ ተመለስኩ።

ዓርብ

ጠዋት ባለቤቴ የገመዱን ጫፍ መስኮቱ ጋ አገላብጣ አየችው። «በቢላ አልተቆረጠም። ተበጥሷል።» ቆይታ ደግሞ፣ «ገመድ በብዙ ነገር ይበጠሳል።»

ፎቶውን ለኃላፊው አሳየሁት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የከብት ቀንድ ነው» ብሎ የአንበሳውን መስመር ሰረዘው። አልተከራከርኩም።

ሰኞ

ባነሩ ተሰቀለ። ጉሬዛዋ አለች፣ ዝናቡ አለ።

ከሰዓት ጋሽ ወዳጆ ለጉዳይ ከተማ ወጥተው በበሩ ሲያልፉ አገኘኋቸው። ቀና ብለው ቀስ እያሉ አነበቡ።

«አንበሳውስ?»

«ማስረጃ የለም ተብሎ ወጣ።»

«ማስረጃውን እኮ በላው!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ሰንብቼ ነበር።

ሌላ ጊደር ብገዛ ይይዙልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ለእኔ ነው ወይስ ለአንበሳው?»

ለእርስዎ አልኩ። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።