በሶ የጠየቀው መምህር

ሰቆጣ፣ ኅዳር 1991 ዓ.ም.

ይድረስ የመን ላለኸው ወንድሜ ለመምህር መንግሥቴ። እንዴት ከርመሃል? እኛ ከናፍቆትህና ከንዴቴ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነን።

ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። እናታችንንም ጉልበቷን ሻል ብሏታል።

የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ውልህን እንደሰረዘው የሰማሁት ወደዚያ ከሚመላለሰው ነጋዴ ከያሲን ነው። ምን ነካህ? ያንተ ደብዳቤ የሚያወራው ስለ አየሩ ነው! «በድግስ ተሸኝቼ ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ» ብለህ ከሆነ፣ የጠላውን ጋን አጥቤ ከደፋሁት ቆይቷል፤ የበላው ሁሉ ረስቶታል። የዚህ የቀድሞ ትምህርት ቤትህ ዳይሬክተርም «ይምጣ፣ የሒሳብ አስተማሪ አጥተናል» ብለዋል።

ጓደኞችህ በእግራቸው ወደ ሳውዲ ድንበር መሄዳቸውንም ያሲን ነገረኝ። አንተ ደግሞ በእሱ በኩል «በሶ ላኪልኝ፣ በዛ አድርጊው» ትለኛለህ። ቤቱ ለተቀመጠ ሰው በሶ ምን ያደርግለታል? በሶ የመንገደኛ ስንቅ ነው።

ስለዚህ ሽሮ ልኬልሃለሁ። ሽሮ ድስት ይፈልጋል፣ እሳት ይፈልጋል፣ እስኪበስል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይፈልጋል። ቁጭ በል፤ ከተነሣህም ወደዚህ ና።

እናታችን በጤና ያገናኘን ብላ ሰላም ትልሃለች። በሶ መጠየቅህን አልነገርኋትም።

እህትህ ወለተሥላሴ