እማዬን ከፎቅ አላወርዳትም

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ንብረት፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ወገብዎን ይዞ አላስቀምጥ ያለዎት ሕመም ለቀቀዎት ወይስ አሁንም እየደበቁን ነው? እትዬ ሃይማኖትስ እንዴት ከረሙ? ፀሐዩ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ትንሿስ ጥርስ አበቀለች? የጁባ ሙቀት ከኛ ከመተማው ይብሳል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ይህን የሚሉ ሰዎች በሚያዝያ እዚህ አንድ ቀን ውለው ካልሄዱ በቀር አላምናቸውም።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣለች። ይህን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች የምጽፈውን ሲያነቡ ልብዎ እንዳይሸበር ብዬ ነው። ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ሞክሬ ነበር። መስመሩ ሲጠፋ ሰንብቶ ሲመጣ ደግሞ እርስዎ ገና አፌን ስከፍት "ያልኩሽን አድርጊ" ብለው ይዘጉብኛል። ወረቀት አያቋርጠኝምና ሁሉንም ጽፌ፣ ለንግድ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለምንይችል ሰጥቼዋለሁ።

ጋሼ፣ ትእዛዝዎን ጥሻለሁ። እማዬ ከወደቀች ጀምሮ "ያንን ደረጃ አስፈርሺው፣ እሷ ምድር ቤት ትተኛ፣ ፎቁን ታጠቅ ላገኘው ባለሀብት ለቢሮ አከራዩት" ሲሉኝ ነበር። ደረጃውን አስፈርሼዋለሁ፤ በዚህ ታዝዣለሁ። በቦታው ግን ሌላ ደረጃ አስተክያለሁ፤ ወጪውን ከራሴ ሱቅ አወጣሁት። እማዬም ዛሬ ፎቅ ላይ ናት። እርስዎ ለወንድማችን ለታጠቅ ደውለው "ማስተዋል ምን ነክቷት ነው?" ማለትዎን ሰምቻለሁ። ምን እንደነካኝ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

መውደቋን ነግረንዎታል እንጂ እንዴት እንደወደቀች ማንም አልነገረዎትም። ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ድንገት ሲወርድ ከፎቁ በረንዳ ላይ የተሰጣውን አንሶላ ሰብስባ፣ በሁለት እጇ አቅፋ ልትወርድ ተነሳች። ነጠላ ጫማዋ ርሷል። የዚያ ደረጃ የላይኛዋ መርገጫ ከሌሎቹ ከፍ እንደምትል ያውቃሉ፤ ግንበኛው ሲሚንቶውን ሲያፈስ ያበላሻት ናት። እኛ ልጆች ሆነን እግራችን ስለለመዳት አናስታውሳትም ነበር። በክፍቱ በኩል የሚያዝ ነገር የለም። የሚያዝ ቢኖርም እማዬ ሁለት እጇ በአንሶላ ተይዟል። ታችኞቹ መርገጫዎች ላይ እንደወትሮው ጀሪካን፣ ካርቶንና የማንም ጫማ ተደርድሮ ነበር። የጭኗን አጥንት የሰበረችው ጀሪካኖቹ ላይ ወድቃ ነው።

ጎንደር ወስደን ብረት ገባላት፤ ይህን ያውቃሉ። ስትመለስ እንደ ቃልዎ የሰሊጥ መጋዘኑን አጽድተን አልጋዋን እዚያ ዘረጋንላት። ያ ክፍል ለሰሊጥ እንጂ ለሰው የተሠራ አይደለም። ከኮኪት የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ አቧራውን በመስኮቷ ያራግፋል፤ መስኮቱን ስንዘጋው ደግሞ አየር ያጥራታል። ከአልጋዋ ሥር ጊንጥ ገድለናል። ሰው ሲጠይቃት "ደህና ነኝ" ትላለች፤ እንጀራው ግን ሳይነካ ይመለሳል። ጓደኛዋ ሉባባ፣ ያቺ ዕድሜ ልኳን አብራት ሰሊጥ ስታበጥር የኖረችው ሴትዮ፣ ልትጠይቃት ብትመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችባት። ሉባባ ግቢ ውስጥ ይዛኝ፣ እግሯ እንደዳነ፣ የምታከሳት ግን ያቺ ክፍል እንደሆነች ነገረችኝ። እኔም ይታየኝ ነበር። ጋሼ ያሉት ነው እያልኩ ዝም አልኩ እንጂ።

አንድ ቀን ከሱቅ ስገባ አልጋዋ ባዶ ነው። ደንግጬ ወደ ጓሮ ስሮጥ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ምርኩዟን ታች ጥላ፣ ጀርባዋን ወደ ላይ አዙራ፣ በመቀመጫዋ እየተጎተተች መሃል ደርሳለች። ቀሚሷ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ፊቷ በላብ ርሷል። ጮህኩባት። ልትሞቺ ነው ወይ፣ ጋሼ ቢሰማ ምን ይለኛል አልኳት። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና እንዲህ አለችኝ፦

"አትጩሂብኝ። ይህ ቤት ሲሠራ አሸዋውን በጀርባዬ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ወደ ክፍሌ ለመውጣት የልጆቼን ፈቃድ አልጠይቅም።"

ከሥሯ ባለችው መርገጫ ላይ ተቀመጥኩ። ስናወርዳት ከመውጣቱ የባሰ ነበር፤ ሉባባ ከጎረቤት ተጠርታ መጥታ በአንድ በኩል ያዘቻት፣ እኔ በሌላ በኩል። የእማዬ እጅ የሚይዘው ፍለጋ ግድግዳውን ሲዳብስ አየሁት። ባዶ ግድግዳ። ያን ጊዜ ተናደድኩ፤ በእርስዎም፣ በታጠቅም፣ በራሴም። እናታችን አርጅታለች፣ አልክድም። ነገር ግን ያ ደረጃ ለጎረምሳም የሚሆን አልነበረም። ስንት ዓመት የወጣንበት በዕድላችን ነው። ጥፋቱ የደረጃው ሆኖ ሳለ ቅጣቱን የተቀበለችው እሷ ናት።

በማግስቱ አብዱረሕማንን ፈለግሁት። የሱዳኑ ጦርነት ከገዳሪፍ ያመጣው በያጅ ነው፤ ብየዳ ቤቱ ከመነኸሪያው ጀርባ ነው። ቦታውን ለክቶ ሄደና ሥራው ደርሷል ብሎ ሲጠራኝ እማዬን በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ታጠቅም ተከትሎን መጣ። ሰውየው የሠራው ጠምዛዛ ደረጃ ነው፤ በአንድ ምሰሶ ዙሪያ እየተጠመዘዘ የሚወጣ። ያምራል፣ አልዋሽም። ቦታ አይፈጅም፣ በገዳሪፍ ትልልቅ ቤቶች ውስጥ ያለው ሱለም እንዲህ ያለ ነው አለ፤ ደረጃን እነሱ ሱለም ይሉታል። እማዬ ቀስ ብላ አንድ እግሯን አሳረፈች። መርገጫው በምሰሶው በኩል እንደ ቢላ ይቀጥናል፤ የእግሯ ግማሽ አየር ላይ ቀረ። እግሯን መለሰች።

አልወስደውም አልኩ። አብዱረሕማን ተቆጣ። ታጠቅ ሰው የለፋበትን ነገር ማዋረድ ነውር ነው ብሎ ገሠጸኝ፤ ለነገሩ ጋሼ ደረጃ አትትከይ እያለ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ አለ። እኔም ለቆንጆ ቤት ይሁን፣ ለእናቴ ግን አይሆንም ብዬ እማዬን ይዣት ወጣሁ። ተኳርፈን ተለያየን።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውየው ሳይጠራ ሜትሩን ይዞ ከበራችን ቆመ። ጠምዛዛውን አንድ ሆቴል ወስዶለታል። "ኸላስ፣ በቃ፣ የኔ እህት" አለኝ፣ "መጀመሪያ ቤቱን ለካሁ። አሁን ሐቦባን ልለካ።" ሐቦባ ሱዳኖች አያታቸውን የሚጠሩበት ነው። እማዬ ስሙ ደስ አላት መሰለኝ ከአልጋዋ ተነሳች።

ጋሼ፣ ያን ቀን ቢኖሩ ደስ ይልዎት ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ ብሎኬት ጋደም አድርገን እግርሽን አንሺ አልናት፤ አመማት። ብሎኬቱን አንስተን ጣውላ አነጠፍን፤ ይህማ ለሕፃን ነው ብላ ሳቀችብን። በጣውላው ላይ ሌላ ስስ ጣውላ እየጨመርን፣ እየቀነስን፣ ሳታማርር የምትወጣበትን ከፍታ አገኘን። "ይኸው፣ በዚህ ልክ ሁሉንም" አለች። አብዱረሕማን ከላይ እስከ ታች አንዷም መርገጫ ከሌላዋ እንዳትበልጥ፣ እንዳታንስ አድርጎ ሠራው። የመርገጫው ስፋት ጫማዋ ሙሉ በሙሉ ገብቶ የሚተርፍ ነው። ጋደል ያለ ስለሆነ ቦታ ፈጅቷል፤ የጓሮው የዶሮ ቤት ፈርሶለታል። መሃል ላይ ታጥፎ ሰፊ ማረፊያ አለው፤ እዚያ ወንበር አስቀምጠንላታል።

መደገፊያው በሁለቱም በኩል ነው። ብረቱ በቀን እጅ ስለሚያቃጥል ላዩን እንጨት አልብሰነዋል፤ ከላይ ደግሞ ፀሐይና ዝናብ እንዳይነካው ቆርቆሮ አለው። መደገፊያው ከመጨረሻዋ መርገጫ አልፎ እስከ በረንዳው ይዘልቃል፤ እሷ የወደቀችው ልክ እዚያ፣ እጅ ባዶ በሚቀርበት ቦታ ስለነበረ። የመርገጫው ላሜራ ፊቱ ሻካራ ነው፣ ጠርዙ ቢጫ ተቀብቷል። መብራቱ ከታችም ከላይም ይበራል፤ ሲጠፋም በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ ተሰቅሏል። ለልጆቼ ከላይ ትንሽ የብረት በር አስደርጌያለሁ። ደረጃው ላይ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ዕቃውን ከመንገዱ ላይ ያገኘዋል፤ የታጠቅን ጫማ አንድ ጊዜ ወርውሬዋለሁ። እማዬ በእጇ ምንም ይዛ አትወጣም። ሉባባ ከበረንዳው ገመድ አሥራ ቅርጫት አወረደችላት፤ የሚፈልጉትን እየሳቡ ያወጣሉ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ስትወጪ ጤነኛውን እግር አስቀድሚ፣ ስትወርጂ የታመመውን ብላ አስተምራታለች። ሉባባ አጠገቧ እየቆመች በታችኞቹ መርገጫዎች ላይ ስንት ጊዜ አለማመደቻት። እስከ ላይ ግን ገና አልወጣችም ነበር።

ታጠቅ ባለሀብቱን ይዞ የመጣው ይኸኔ ነው። ሰውየው የጎንደር ሰው ነው፣ ጨዋ ነው፤ የሰሊጥ እርሻው አብርሃ ጅራ ነው። ደረጃውን አይቶ ወደደው። ለቢሮ እንዲህ ያለ መግቢያ አላገኘሁም አለ። ታጠቅ ቁልፉን አምጪ አለኝ። አልሰጥም አልኩት። "የጋሼ ቃል ነው" አለ። የጋሼ ቃል መሆኑን አውቃለሁ፣ አልሰጥም አልኩት። ድምፃችን ከፍ አለ። እንግዳ ፊት መጨቃጨቃችን አሳፍሮኝ ነበር፤ ግን ከደረጃው ሥር አልተነሳሁም።

እማዬ ከክፍሏ ወጣች። ምርኩዟን ሰጠችኝ። በሁለት እጇ መደገፊያውን ጨበጠችና ጤነኛ እግሯን አሳረፈች። ታጠቅ ሮጦ ክንዷን ሊይዝ ሲል፣ "ከኋላዬ ሁን፣ አትያዘኝ" አለችው። ቀስ እያለች ወጣች። ማረፊያው ላይ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ባለሀብቱ ታች ባርኔጣውን አውልቆ ይጠብቃል። ተነሥታ የቀረውንም ወጣች። በረንዳው ላይ ስትደርስ ነፋሱ ነጠላዋን አነሳው። ወደ ታች አየችንና በሯን ከፍታ ገባች።

ሰውየው ለታጠቅ ሌላ ቤት ፈልግልኝ ብሎት ሄደ። ታጠቅ አልጋዋን ከመጋዘኑ ፈታትቶ በትከሻው አወጣላት። አኩርፎኝ እንደሆነ አላውቅም፤ የመደገፊያውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰው ግን እሱ ነው፣ ማንም ሳያዘው።

አሁን ከእርስዎ የሚመጣውን አውቃለሁ። ብትወድቅ በአንቺ ራስ ነው ይሉኛል። ይሁን፣ በእኔ ራስ ነው። ስትወርድ አሁንም ያማታል፤ በዝናብ ቀን እንዳትወርድ ተስማምተናል። አትወድቅም ብዬ አልምልልዎትም። ነገር ግን እንዳትወድቅ ብለን ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ከምናስቀምጣት፣ የሚያዝ ነገር ያለበት ደረጃ ብንሠራላት ይሻላል ብያለሁ፤ ነገም እንዲሁ እላለሁ። እርስዎ አባታችን ካረፈ ጀምሮ አባት ሆነው አሳድገውኛል። አከብርዎታለሁ። በዚህ ነገር ግን ይቅርታ አልጠይቅም። አፍርሺው ካሉም የሚያፈርስ ሰው ራስዎ ይዘው ይምጡ፤ እኔ ማረፊያው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። መጋዘኑም ሰሊጥ ገብቶበት ሞልቷል፤ ለአልጋ የሚሆን ቦታ የለውም።

ለእትዬ ሃይማኖት ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ። ፀሐዩን በርታ በሉልኝ፤ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታጠቅ ሰላም ብሎዎታል፤ ምን ልበል ስለው "ያው ሰላም በይው" አለኝ። ሉባባ እንደ እናት ትመርቅዎታለች። ልጆቼ አጎታችን መቼ ይመጣል ይላሉ። አብዱረሕማንም አያውቁትም እንጂ ሰላምታ ልኳል።

እማዬን ምን ልጻፍልሽ አልኳት። ናፍቆቱን ጻፊ፣ ምርቃቴን ጻፊ አለች። ከዚያ ጨመረችና፣ "ሲመጣ ወርጄ አልቀበለውም፤ እሱ ይውጣ" ብላለች።

እህትዎ ማስተዋል
መተማ ዮሐንስ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.